በቪትዝ ጅቡቲ ድረስ፤ የሄደ ሰው አለ?

የገርጂው (ኅዳር 4፣ ማታ 2፡15)

ሰላም ለዚህ ቤት።

ጥር ላይ የሳምንት ፈቃድ አለኝ። ከጥምቀት በኋላ በመኪና ጅቡቲ ደርሰን ልንመለስ አስበናል። አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃችን እና አባቴ። አባዬ 74 ዓመቱ ነው። ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ ጤናው ደህና ነው። ዕድሜውን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ነው የሠራው። መጀመሪያ ከአሰብ፣ ኋላ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ እየቆጠረ ሲረከብ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ባሕር ግን አንድም ቀን አይቶ አያውቅም። ሐዋሳንም ላንጋኖንም አሳይተነዋል። "እሱማ ማዶው ይታያል" ብሎ ዝም።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። በጋላፊ ኬላ ይሻላል በደወሌ? ወረቀቱ ምን ምን ነው? ደግሞ መኪናዋ ቪትዝ ናት። አትሳቁ።

መንገደኛው (ኅዳር 4፣ ማታ 2፡31)

ሳቅኩ። ይቅርታ።

ወንድሜ፣ አውሮፕላኑ እኮ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። አባትህን በዚህ ዕድሜያቸው ቪትዝ ውስጥ አጥፈህ ሁለት ቀን ልታንገላታቸው ነው?

የገርጂው (ኅዳር 4፣ ማታ 2፡40)

እኔም ብየው ነበር። "ዕቃው የመጣበትን መንገድ ልየው" ነው የሚለው። ፊት ወንበር ላይ እሱ ነው የሚቀመጠው፤ ታጥፈን የምንሄደው እኛ ነን።

ድሬ_ልጅ (ኅዳር 4፣ ማታ 3፡05)

በደወሌ። ሌላ መልስ የለውም።

ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣን መንገዱ ትወጣለህ፣ 85 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አሰበ ተፈሪ፣ ቁልቢ፣ ደንገጎ፣ ድሬ። አንድ ቀን በለው። ድሬ ታድራለህ። በማግስቱ ከድሬ ደወሌ የክፍያ መንገድ ነው፤ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥርት ያለ አስፋልት። ቪትዝ አይደለም ባጃጅም ይሄድበታል። ድንበሩን ስታልፍ አሊ ሳቢህ፣ ከዚያ ጅቡቲ።

ሁለት ነገር ብቻ። ደንገጎን ስትወርድ ፍሬን ላይ አትተኛ፤ በማርሽ ውረድ። ሁለተኛ፣ ከድሬ በኋላ ማታ እንዳትነዳ። ግመል መንገድ ላይ ይተኛል። አስፋልቱ ማታም ሙቀት ስለሚይዝ ይወደዋል። ግመል ገጭተህ ከተረፍክ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ሽማግሌና ካሳ ነው።

ታኅሣሥ 19 አካባቢ ቢሆን ኖሮ ቁልቢ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ጥር ጥሩ መርጠሃል።

ሎጊያ (ኅዳር 4፣ ማታ 3፡22)

የድሬ ልጆች ሁሉ ነገር በድሬ ካላለፈ መንገድ አይመስላቸውም 😄

በጋላፊ ብትሄድ ከአዋሽ ወደ ገዋኔ ስትገባ አየሉ ተራራን ታያለህ። አዋሽ ወንዝ አብሮህ ይሄዳል። ሚሌ አካባቢ ሐዳር አለ፤ ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችበት። ሎጊያ ላይ አርፈህ ሰመራ ላይ ታድራለህ። ያ ነው አገር ማየት። አባትህ የሚቆጥሩት ዕቃም አብዛኛው በዚያ ነው የመጣው፣ በደወሌ አይደለም።

ጋሽ_ተሳቢ (ኅዳር 4፣ ማታ 4፡10)

ልጆች፣ እኔ ጅቡቲ መስመር ስሠራ ነው ያረጀሁት። ከዚያ በፊት አሰብ።

ሎጊያ ያልከው እውነት ነው፤ አገሩ ያምራል። ግን የገርጂው፣ በጋላፊ አትሂድ ልጄ። ያ መንገድ የእኛ ነው። ፊትህ ተሳቢ፣ ኋላህ ቦቴ፣ ከፊት የሚመጣው ሲኖ ነው። ሲኖው ሌላውን ለመቅደም ከወጣ አንተን አያይህም። እኔ ራሴ ከላይ ሆኜ ቪትዝ የማየው ካለፈች በኋላ ነበር። ከጋላፊ ወዲያ ያለው የጅቡቲ መንገድ ደግሞ ስንት ዓመት ጎማ ሲበላን ኖሯል። በደወሌ ሂድ።

አሰብ ጊዜ ረዳት ነበርኩ። ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢዋ። በኮምቦልቻና በባቲ ወርደን ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ዶቢ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ። ዶቢን ቀን አንሻገርም ነበር። ጎማው ይፈነዳል፣ ሰውም ይፈነዳል። ማታ ገብተን ንጋት ላይ አሰብ ስንደርስ በነዳጅ ማጣሪያው ጭስና በባሕሩ ሽታ ነው መድረሳችንን የምናውቀው። ያ መንገድ በ1990 ተዘጋ። እኔም ወደ ጅቡቲ ዞርኩ።

አባትህ የት መጋዘን ነበሩ?

የገርጂው (ኅዳር 4፣ ማታ 4፡25)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጎተራ አካባቢ ነበር። ይህን ሁሉ ነገ አነብለታለሁ።

ባለ_ሊብሬ (ኅዳር 5፣ ጠዋት 3፡00)

ወረቀት ላይ ልግባ፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው።

ፓስፖርት፣ ቪዛ (ድንበር ላይ እንጨርሰዋለን ብለህ እንዳትነሳ)፣ መንጃ ፈቃድ ከነዓለም አቀፉ፣ የመኪናዋ ሊብሬ በራስህ ስም። በሌላ ሰው ስም ከሆነች ውክልና። መኪናዋን ለጊዜው አውጥተህ ልትመልሳት መሆኑን የሚያሳይ የጉምሩክ ፈቃድ። እሱን ሳምንታት ቀድመህ ጀምር።

ከዚያ ቢጫ ካርድ። ልብ በሉ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ አለ! አንደኛው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው፣ ለሰው። ሁለተኛው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) የሦስተኛ ወገን መድን ነው፣ ለመኪና። ኢትዮጵያም ጅቡቲም አባል ስለሆኑ እዚህ ገዝተህ እዚያ ይሠራልሃል። እኔ ያኔ "ቢጫ ካርድ ያዝ" ስባል ክትባት ተወግቼ ኬላ ደረስኩ። ፖሊሱ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ መኪናዋን አየ። "አንተ ተከትበሃል፣ እሷስ?" አለኝ።

ሶሲ_ከጅቡቲ (ኅዳር 5፣ ቀን 8፡45)

እንኳን ደህና መጣችሁ ከአሁኑ! ጅቡቲ ስኖር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ትንሽ ልበል።

ቋንቋ አትፍሩ። የመንግሥቱ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ፣ የሰዉ ሶማልኛና አፋርኛ ነው። ገበያ ውስጥ ግን አማርኛ የሚሰማ አታጡም።

ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው። እሑድ ሥራ ነው። ዓርብ ደርሳችሁ ባንክ ብትፈልጉ አለቀላችሁ። ፍራንኩ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንዱ ዶላር 177 ከምናምን። ስንት ዓመት ፈቅ አላለም። የብር ነገር ለለመደ ሰው ይገርማል።

እኩለ ቀን ላይ ከተማው ይተኛል። ከ6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሱቁ ይዘጋል፣ ጫት ከአገር ቤት ይገባል፣ ሰው ሁሉ ሄዶ ይጋደማል። 10 ሰዓት ላይ ይነቃል። በዚያ መሀል ፀሐይ ላይ የሚሄደው ፈረንጅና አዲስ የመጣ ሐበሻ ብቻ ነው።

ወደብና ወታደር ያለበት ቦታ ካሜራ አታውጡ። አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣልያን፣ ቻይና፣ ሁሉም እዚህ ሰፈር አላቸው። የቱ አጥር የማን እንደሆነ ሳታውቁ ስልክ አትቀስሩ።

ሰዓት! እዚህ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ ፈረንጅ ነው። አማርኛ የሚናገር ሰውም ቢሆን "ሰባት ሰዓት" ካላችሁ ጠይቁት። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ጠይቁት።

የየመን ዓሣ ሳትበሉ እንዳትመለሱ። ዓሣውን በሆዱ ሳይሆን በጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይዘረጉታል፣ በርበሬ ቀብተው እንደ ጉድጓድ ያለ ምድጃ ግድግዳ ላይ ያንጠለጥሉታል። ቂጣውም እዚያው ነው የሚጋገረው። ይዛችሁ የምትገቡት እጃችሁን ብቻ ነው።

ድሬ_ልጅ (ኅዳር 5፣ ቀን 9፡10)

ሶሲ፣ ስለ ሚኒሊክ አደባባይ አልነገርሻቸውም።

ሶሲ_ከጅቡቲ (ኅዳር 5፣ ቀን 9፡18)

አዎ! የመሀል ከተማው አደባባይ በወረቀት ስሙ የሰኔ 27 ቀን 1977 አደባባይ ነው፤ በፈረንጅ ሰኔ፣ ነፃነታቸውን ያገኙበት ቀን። ሰዉ ግን እስካሁን "ሚኒሊክ" ነው የሚለው። ታክሲ ውስጥ "ሚኒሊክ" ማለት ብቻ ይበቃል።

የለገሀሩ (ኅዳር 5፣ ማታ 1፡40)

መንገድ መንገድ ትላላችሁ፣ ባቡሩን ረሳችሁት። ያ ሁሉ የተጀመረው ከጅቡቲ ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚያ ተነሣ፣ በ1902 ድሬ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ባቡሩ ሐረርን ለመውጣት ተራራው ስለከበደው ነው። ጃንሆይም በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 24 ቀን 1928 በዚያው ባቡር ወጥተው፣ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው የሄዱት። አባትህን ድሬ ስትደርሱ የድሮውን ጣቢያ አሳያቸው።

የገርጂው (ጥር 23፣ ማታ 2፡50)

ተመለስን! አራታችንም ደህና ነን። ቪትዟም ደህና ናት (ወደ ኋላ እመለስበታለሁ)። ቃል በገባሁት መሠረት ልተርክ።

የመጀመሪያው ቀን ድሬ ልጅ እንዳለው ነው። ንጋት 11 ሰዓት ወጣን። መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ መጥቶ ሲታይ አባዬ "ይኸኛውም ማዶው ይታያል" አለ። ከአሰበ ተፈሪ በኋላ ጥምዝምዙ ልጄን ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩት፤ ከኋላ የነበረው ሚኒባስ ጡሩንባውን አልለቀቀም። ድሬ ስንገባ መስኮቱን ዝቅ አደረግን፣ ያ ለብ ያለ ነፋስ ገባ፣ ባለቤቴ ሹራቧን አወለቀች። ከዚራ አደርን። የድሮውን ጣቢያ ከደጅ አይተነዋል።

ሁለተኛው ቀን ነው ነገሩ ያለው።

ከሽንሌ በኋላ መንገዱ ቀጥ ይላል። ወዲህም ወዲያም ቁጥቋጦና ግመል። አዲጋላን ካለፍን በኋላ ይመስለኛል፣ የቀኝ የኋላ ጎማ "ጷ" አለ። ወረድኩ። ተቀዷል፣ የሚጠገን አይደለም። ምንም አይደል ብዬ ስኮርታውን፣ ትርፉን ጎማ፣ አወጣሁ። ስኮርታው ልጅ የተኛበት ትራስ ይመስላል። ከመነሳታችን በፊት መኪናዋን ያየልኝ ሰው "ሁሉንም ጎማ ለክቻለሁ" ብሎኝ ነበር። አራቱን ነው ለካ።

ከቀኑ 4 ሰዓት ነው። ፀሐዩ ገና ከአሁኑ ይጠብሳል። ሁለት ፒክአፕ አለፉን። ከዚያ አንድ ተሳቢ ከሩቅ መብራቱን አብርቶ ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ቆመ። ሹፌሩ ከላይ ሆኖ አየን። አባዬን አየ። ዱብ ብሎ ወረደና ስኮርታውን በእግሩ ገፋ አደረገው።

"ይኼ ጎማ ነው እንጀራ?"

ረዳቱን ጠራው። ልጁ ከወንበር ሥር የተጠቀለለ ቀጭን የጎማ ቱቦ አወጣ፣ አንዱን ጫፍ ከመኪናው የፍሬን አየር ላይ ሰካው፣ ሌላውን ስኮርታው ላይ። ሞተሩ አልጠፋም። አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ ትራሱ ጎማ ሆነ። ክሪኩንም የእኛን አልፈለገም፤ "ይኼ ለብስክሌት ነው" ብሎ የራሱን አመጣ። ገንዘብ ልሰጠው ስል እጄን መለሰው። "ድሬ ስትመለስ ለጎሚስታ ስጠው" አለኝ። ሌላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፣ ቀዝቃዛ ውኃ። ልጄ ከማቀዝቀዣ ሣጥናችን ሁለት አውጥታ ሰጠችው።

አባዬ በዚያ ሁሉ መሀል የተሳቢውን ጭነት እየዞረ ያያል። ሸራውን፣ ገመዱን፣ ማሰሪያውን። "ጥሩ አድርገህ አስረሃል" አለው ሹፌሩን። ሰውየው ከእርዳታው ሁሉ በላይ በዚያ ነው የተደሰተው።

ጋሽ_ተሳቢ (ጥር 23፣ ማታ 3፡05)

ይባርካቸው። ረዳቱንም ጭምር። የፍሬን አየር የስንቱን ስኮርታ አንሥቷል።

ቀጥል ልጄ።

የገርጂው (ጥር 23፣ ማታ 3፡30)

አይሻ አካባቢ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ቆመዋል፤ ልጄ መቁጠር ጀምራ ተኛች። ደወሌ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን። ወረቀታችን ሙሉ ነበር። ባለ ሊብሬ፣ ሁለቱንም ቢጫ ካርድ ይዤ ነበር፤ ስሰጠው ሰውየው የሰዉን ወደ ጎን አድርጎ የመኪናዋን ብቻ አየ። አንተን አስቤ ብቻዬን ሳቅኩ።

አሊ ሳቢህ ቀይ ተራራ መሀል የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእሷ ወጥተን ከጋላፊ ከሚመጣው መንገድ ጋር ስንገናኝ ጋሽ ተሳቢ ያሉት ገባኝ። ግድግዳ ነው። ቦቴ፣ ኮንቴይነር፣ ቦቴ፣ ኮንቴይነር፣ አብዛኛው ታርጋ የእኛ። አገር ለቅቀን የወጣን አልመሰለኝም። አባዬ ዝም ብሎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። "ምን ትላለህ?" ብለው፣ "አትነጋገር፣ እየቆጠርኩ ነው" አለኝ።

እኔ የጠበቅኩት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ ኮረብታ ወጥተን ባሕሩ ቦግ ብሎ የሚታይ፣ መኪና የምናቆምበት፣ ፎቶ የምንነሳበት። አይደለም። መጀመሪያ የከባድ መኪና ማቆሚያ ነው። ከዚያ ባልባላ ሰፈር፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ። ከዚያ የነዳጅ ጋኖች። ከዚያ በስተግራ፣ ዶራሌ ወደብ በኩል፣ ክሬኖቹ። ባሕሩ ከእነሱ ሥር አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነው። ባለቤቴ "ያ ነው እንዴ?" አለች ቅር ብሏት። አባዬ ግን መስመሩን አላየውም። ክሬኖቹን ነው ያየው። "ከዚያ ነዋ የሚያወርዱት" አለ።

መንገደኛው (ጥር 23፣ ማታ 3፡41)

እና ባሕር ዳር መቼ ወሰድካቸው? ክሬን ለማየት ነው 900 ኪሎ ሜትር?

የገርጂው (ጥር 23፣ ማታ 4፡15)

በማግስቱ ጠዋት ወሰድኩት። የሆቴሉ ልጅ አንድ የባሕር ዳር ጠቆመን፣ ከተማው ውስጥ ነው። አባዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ከመኪና ወረደ።

ባሕሩ የለም።

አልቀልድም። ጭቃ ነው። አንድ ሁለት ጀልባ በጎናቸው ተጋድመዋል። ወፎች ጭቃውን ይለቅማሉ። ውኃው እዚያ ማዶ አንድ ነገር ያብረቀርቃል። እኔ የተሳሳተ ቦታ የመጣን መስሎኝ ስልኬን አወጣሁ። አባዬ ቆሞ ትንሽ አየና፣ "እኔ ስመጣ ሄደ?" አለ።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ መረብ እየጠገኑ ነበር። በእጃቸው አስረዱን። ይሄዳል፣ ይመጣል። ቀን በቀን ሁለት ጊዜ። ሰዓታት ጠብቁ። እኛ የደጋ ሰዎች፣ ትምህርት ቤት የባሕር ሙላትና ጉድለት ተብሎ ተምረን በጨረቃ ስበት ብለን ፈተና ላይ ጽፈናል። ማየት ሌላ ነው።

"ሄደን እንመለስ፣ ቁርስ እንብላ" አልኩት። እንቢ አለ። ከመኪናው የፕላስቲኩን ወንበር አስወረደ። ከልጄ ጋር ሆነው ወደ ውኃው ወርደው ከውኃው ጠርዝ ወዲህ፣ በየአሥር እርምጃው፣ ጭቃው ላይ ድንጋይ አስቀመጡ። አሥራ ሁለት ድንጋይ። ከዚያ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ውኃው አንዱን ድንጋይ ሲውጥ "አንድ ገባ" ይላል። ልጄ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ትጽፋለች። እኔና ባለቤቴ ሄደን ቁርስ በልተን፣ ውኃ ገዝተን፣ ገበያ ዞረን ተመለስን። "ስንት ደረሰ?" አልነው። "ሰባት ገብቷል፣ አምስት ይቀራል" አለ።

እኩለ ቀን አልፎ ጀልባዎቹ ቀና አሉ። መጀመሪያ አንደኛው ነቅነቅ አለ፣ ከዚያ ሁለተኛው። አሥራ ሁለተኛው ድንጋይ ሲሸፈን ውኃው ከአባዬ እግር ላይ ነበር። ጎንበስ አለ፣ ጣቱን ነከረ፣ ቀመሰ። ፊቱን አጨማደደ።

"ጨው አብዝተውበታል" አለ።

ሶሲ_ከጅቡቲ (ጥር 23፣ ማታ 4፡22)

ኧረ ጌታዬ 😂 አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ቁጭ ብዬ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ነገ ድንጋይ ይዤ እወጣለሁ።

ድሬ_ልጅ (ጥር 23፣ ማታ 4፡30)

የሰዓቱ ጉዳይስ? የሶሲን ምክር ሰማችሁ?

የገርጂው (ጥር 23፣ ማታ 4፡58)

አይ፣ እሱን ባትጠይቀኝ።

ሙሻ ደሴት በጀልባ ሊወስደን አንድ ሰው አገኘን። አማርኛው ከእኔ ይሻላል። "ነገ ሰባት ሰዓት እዚሁ" አለ። "እሺ" አልኩ። በማግስቱ እስከ ቀትር ተኝተን፣ ተረጋግተን፣ ምሳ በልተን፣ በሰባት ሰዓት ደረስን። ሰውም ጀልባም የለም። ደወልኩለት። "ከጠዋቱ ሰባት እኮ ነው ያልኩህ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅኳችሁ፣ አሁን ሌላ ሰው ጭኜ ደሴቱ ላይ ነኝ" አለኝ። "ሰባት ሰዓት የቀን ነው!" ብዬ ልከራከር ስል ሶሲ ትዝ አለችኝ። ዘጋሁት። ቀብዱም እዚያው ቀረ። ኅዳር ላይ ደግማ ነግራኝ ነበር እኮ!

ደሴቱን አላየንም። በምትኩ ዓሣ ስንበላ ዋልን። ሰው በሰው አንድ አንድ ዓሣ ወደ 2,000 ፍራንክ ገደማ ነው፤ ሁለት ይበቃን ነበር፣ አራት አዘዝን። አባዬ ቂጣውን አገላብጦ "እንደኛ ድፎ ነው፣ ግን ቸኩለውበታል" አለ። ዓሣውን ግን አጥንቱን ብቻ አስቀረ።

አሳል ሐይቅ በመጨረሻው ቀን ሄድን። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ቪትዝ ትገባለች። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ከዚያ የሚወርድ ቦታ የለም። ስትወርዱ ጆሯችሁ ይደፈናል። ታች ነጭ ጨው ነው፣ በረዶ የመሰለ፣ ዓይን ያሳውራል። በባዶ እግሬ ገብቼ ተረከዜ ተቆረጠ፤ ጨው ቁስል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚል አሁን አውቃለሁ። ጫማ አድርጋችሁ ግቡ፤ ሲወጡ መታጠቢያ ሃያ ሊትር ውኃ ያዙ። እዚያ ምንም የለም።

የአፋር ልጆች ክብ ክብ የጨው እንክብል ይሸጣሉ። በዱሮ ጊዜ ከዚያው ጨው በግመል እየተጫነ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። አባዬ ይህን ሲሰማ አንድ እንክብል ገዛ። አሁን ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ ወጥ ውስጥ ልትከተው ስትል ጮኸባት።

መንገደኛው (ጥር 23፣ ማታ 5፡10)

ስለ አውሮፕላኑ ያልኩትን አንሥቻለሁ።

የዓሣውን ነገር ግን ንገረኝ፤ ያ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፉ አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር። አያችሁ?

ሶሲ_ከጅቡቲ (ጥር 23፣ ማታ 5፡16)

እሱ አርታ ባሕር ዳር በኩል ነው፣ ከፈረንጅ ኅዳር እስከ ጥር ድረስ ይመጣል። ጀልባ ይጠይቃል። ጀልባው ደግሞ የሚነሣው በጠዋት ነው። በጠዋት!

ጋሽ_ተሳቢ (ጥር 24፣ ጠዋት 1፡20)

ሌሊት አነበብኩት። ከዚያ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሰብም እንደዚያው ይሄድ ይመጣ ነበር። እኛ ግን ጭነን ለመውጣት እንቸኩል ስለነበር ማን አይቶት። እግሬን ነክሬ የማውቅ አይመስለኝም። ሁልጊዜ ተራ ጥበቃ፣ ደረሰኝ፣ ሸራ፣ ገመድ።

አባትህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ጎተራ ካሉት መጋዘኖች ብዙዎቹ ጭነት አራግፌያለሁ። ደርግ ጊዜ፣ ቀይ ኤንትሬ፣ የግራ በሯ በሽቦ የታሰረ። ምናልባት አንድ ቀን የእኔን ጭነት ቆጥረው ይሆናል።

የገርጂው (ጥር 24፣ ማታ 1፡45)

ጋሼ፣ ጠየቅኩት። መነጽሩን አውልቆ ብዙ አሰበ። መኪናዋን አላስታወሰም። "በሽቦ የታሰረ በር ያልነበረው የቱ ነው?" አለ። ሣጥኖቹ ላይ "ቪያ አሰብ" (በአሰብ በኩል) የሚለውን ጽሑፍ ግን አሁንም ዓይኑ ላይ እንዳለ ነገረኝ።

ከዚያ እንዲህ በልልኝ አለ፦ "አንድ ጊዜ የብርጭቆ ጭነት መጥቶ አንድ ካርቶን ጎድሎ ነበር። ሹፌሩ ረዳቱን አሳበበ፣ ረዳቱ መንገዱን አሳበበ። እኔ ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ደግሜ ደጋግሜ ቆጠርኩ። ሰውየው እሳቸው ከሆኑ ካርቶኗ የት ገባች?"

ጋሽ_ተሳቢ (ጥር 24፣ ማታ 2፡02)

ወይ ጉድ።

የብርጭቆ ጭነት ያልጫነ ሹፌር የለም፤ እኔ ለመሆኔ ማረጋገጫ የላቸውም። ግን በላቸው፣ ዶቢ ላይ መንገዱ ያኔ ጎማ ብቻ ሳይሆን ብርጭቆም ይበላ ነበር።

የገርጂው (ጥር 24፣ ማታ 2፡20)

አላመነም። እሑድ መጥተው ቡና ይጠጡና ይተሳሰባሉ ብሏል። አድራሻውን በውስጥ መልእክት ልኬልዎታለሁ።